«ልጄ፣ መኪናህ ታመመች እንዴ?»

በዚህ ዓምድ ስለ ፍቅረኛ ኩርፊያ፣ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ እቁብ ጣጣ ብዙ አውግተናል። ዛሬ ደግሞ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ። ጉዱ የተፈጸመው ምዕራብ ዓባያ፣ ብርብር ከተማ፣ እኛው ሰፈር ነው። ተዋንያኑ አንድ በያጅ፣ አንዲት አሮጌ መኪናና እኔ ነን። ዋጋውን ልትከፍል የነበረችው ግን እናቴ ናት።

ነገሩ የመኪና ጭስ ማውጫ ቱቦ ጉዳይ ነው። «ኤጭ! መኪና የለኝ፣ ቱቦ ምን ይሠራልኛል?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ። መኪና ባይኖራችሁም የጓደኛችሁ መኪና ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም። የእኔ ታሪክ ደግሞ በተለይ የሚመለከተው ከኋላ የሚቀመጡትን ነው።

ሁለት ጎን፣ አንድ ጅራት

መኪናዋ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች የጃፓን ሥሪት ናት። ገርጅፋለች፣ ቀለሟ ለቋል፣ ግን ሞተሯ ቪ6 ነው! በእኛ አገር «ቪ8» ከተባለ የባለሥልጣን መኪና መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። «ቪ6» ሲሉኝ የቪ8ን ታናሽ ወንድም በእጄ ያስገባሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ለማያውቅ ላስረዳ። የአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ሲሊንደሮች እንደ ጠዋት ሰልፍ ተማሪ በአንድ ረድፍ ይቆማሉ። የቪ ሞተር ግን ሁለት ረድፍ አለው። በእኔዋ ሦስቱ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ ናቸው። እያንዳንዱ ጎን የየራሱን ጭስ ይተፋል። እንግዲህ የሁለቱ ጎን ጭስ በአንድ ጅራት እንዲወጣ ካስፈለገ የአንዱን ወገን ጭስ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቱቦ የግድ ነው። እኔ «አገናኝ ቱቦ» እለዋለሁ። በእኔዋ መኪና ላይ ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ እንኳ በማያስገባ ጠባብ ቦታ ዞሮ ያልፋል።

ይህ ቱቦ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት «ትክ… ትክ… ትክ…» ማለት የጀመረው። መጋጠሚያው ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ፣ ቱቦውም ዝጎ ተሰንጥቋል።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው፣ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሰው ልኮ ከፈረሰ መኪና ላይ የወጣውን ዋናውን ዕቃ ማስመጣት። ሁለተኛው፣ የተሰነጠቀውን እዚያው ማስበየድ። ሦስተኛው፣ የድሮውን ነቅሎ መጣልና ለቀኙም ለግራውም የየራሱን ቱቦ ዘርግቶ፣ መኪናዋን ባለ ሁለት አፍ ማድረግ።

የትኛውን የመረጥኩ ይመስላችኋል? ወጣት አይደለሁ! ሦስተኛውን ነዋ!

የስልክ ዩኒቨርሲቲ

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ሌት ተቀን ስልኬ ላይ አፈጥጬ ስለ ጭስ ማውጫ ቪዲዮ ስመለከት ከረምኩ። ፈረንጆቹ ሁለት ቱቦ ሲዘረጉ መሐል ላይ ያገናኙታል። ሁለት ዓይነት ማገናኛ አላቸው። አንደኛው ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ መሐላቸው ላይ እንደ መሰላል እርከን አጭር ቱቦ የሚበየድበት ነው። ቅርጹ የእንግሊዝኛውን ኤች ስለሚመስል «ኤች ፓይፕ» ይሉታል። ሁለተኛው ሁለቱ ቱቦዎች እርስ በርስ ተቃቅፈው፣ ጭሳቸው ተቀላቅሎ እንደገና የሚለያዩበት ነው። እሱ ኤክስ ስለሚመስል «ኤክስ ፓይፕ» ይባላል። ኤቹ ድምፁን ጎርናና፣ እንደ ትልቅ ከበሮ ዱም ዱም የሚል ያደርገዋል። ኤክሱ ደግሞ ቀጠን ያለ፣ የውድድር መኪና ዓይነት ጩኸት ይሰጠዋል።

ፎርድ ጂቲ40 የሚባለውን መኪና ሳይማ ጭራሽ አበድኩ። ይህ መኪና ፈረንሳይ አገር በሚካሄደው የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ከ1966 እስከ 1969 (እ.ኤ.አ.) አራት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ነው። ከጀርባው የቀኙ ቱቦ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ተሻግሮ ሁሉም ይጠላለፋል። ፈረንጆቹ «የእባብ ጥቅል» ብለውታል። ያን ሳይ፣ ብርብር ላይ የእባብ ጥቅል ያለው መኪና የሚነዳ የመጀመሪያው ሰው እንደምሆን ቆረጥኩ።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም። እነዚያ ሰዎች ድምፁን ፍለጋ አልነበረም እንደዚያ የጠለፉት። ስሌት ነበራቸው። የእኔ ስሌት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እንድሰማ!

«ይቺማ አውሮፕላን ናት!»

በያጁ የሰፈራችን ልጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው። በርና መስኮት ሲሠራ የሚስተካከለው የለም። ቪዲዮውን አሳየሁት።

«ይሄማ ምን አላት!» አለ። «ኤክሱን ግን ተወው፤ ቱቦ ማጠፊያ ማሽን ይፈልጋል። ኤቹን እሠራልሃለሁ።»

ቱቦ ከየት ይምጣ? ለውኃ ዝርጋታ ከተገዛ የተረፈ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ቧንቧ ነበረው። ሰፋ ያለ ነው። «ሲሰፋ ደግሞ የተሻለ ይተነፍሳል» አልኩ እኔ የስልክ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። ማርሚታውን «ድምፅ ያፍናል» ብለን አወጣን። ጭሱን የሚያጣራውንም ሳጥን ቆርጠን ጣልን። እዚያ ላይ የተሰካች፣ ሽቦ ያላት ትንሽ ዕቃ ነበረች። ምን እንደምትሠራ ሁለታችንም አላወቅንም፤ በሽቦ አሥረን አንጠለጠልናት። ቧንቧው ደግሞ እስከ መኪናዋ መጨረሻ ስላልደረሰልን ከኋላ ጎማው ቀደም ብሎ፣ ከወለሉ ሥር እንዲያበቃ ተደረገ።

ያን ዕለት ማታ በያጁ ብርድ ብርድ አለው፤ አተኮሰው። በእኛ አገር ቆላ ትኩሳት ከመጣ ስሙ ወባ ነው። «ወባ ተነሣብኝ» ብሎ ተኛ። በነጋታው ግን እንደ ምንም ብድግ አለ። «ጎበዝ፣ የወባ ጀግና!» ብለን ሳቅን። ይህችንም ልብ በሉልኝ።

መኪናዋ ስትነሣ እናንተዬ! ምድር ተንቀጠቀጠ። የሰፈሩ ልጆች ከያሉበት ግር ብለው ወጡ። ጓደኛዬ ጭንቅላቱን ይዞ «ይቺማ አውሮፕላን ናት!» ብሎ ጮኸ። የምወዳት ልጅ ግን ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ወደ ቤት ገባች። «ይሉኝታ ይዟት ነው» ብዬ አለፍኩት። ወይ ነዶ!

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማታ ስገባ፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት አጥራቸው ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከመጣ ነገሩ ከባድ ነው፤ እምቢ አይባልም። እሳቸው ሣር አልያዙም፤ ብቻ በጣም አዝነው ተመለከቱኝና፦

«ልጄ፣ መኪናህ ታመመች እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልታመመችም አባባ! ምነው?»

«አይ፣ ሌሊት ሌሊት ስታቃስት እሰማለሁ። አሳክማት።»

ለጓደኞቼ ነግሬያቸው ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ለአንድ ሳምንት ሙሉ «አሳክማት» መቀለጃችን ሆና ከረመች። ሽማግሌው ግን ከእኛ ሁሉ ቀድመው በሽታውን አውቀውት ኖሯል።

የመስቀል ጉዞ

የእናቴ ወገኖች ጨንቻ ናቸው። ለጋሞ ሰው መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁ አልነግራችሁም። ዓመቱን ሙሉ የተራራቀ ቤተሰብ የሚገናኝበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት «እኔው አደርሳችኋለሁ! በአውቶቡስ ግፊያ የለም!» ብዬ ፎከርኩ። እኔ መሪ ላይ፣ ከጎኔ የእህቴ ባል፣ ከኋላ እናቴ፣ ታላቅ እህቴና የዓመት ተኩል ልጇ ሆነን ጉዞ ጀመርን።

ከብርብር እስከ ጨንቻ መገንጠያ ድረስ ዓለም ነበር። በግራችን የዓባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ተዘርግቷል፣ በቀኛችን ተራራው። ሙቀቱ የታወቀ ነው፤ አራቱም መስኮት ክፍት። ነፋሱ ይገባል፣ ይወጣል። እናቴ «ይሄ ጩኸት ጆሮዬን በጠሰው» እያለች ብታጉረመርምም ደስ ብሏታል።

አርባ ምንጭ ሳንደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍንና ዳገቱን ተያያዝነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሐይቁ ያለበት ቆላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በአጭር መንገድ 1,500 ሜትር ሽቅብ! ጠመዝማዛው አያልቅም። መኪናዬ ትጮኻለች፣ ታጓራለች፣ ግን አትሄድም። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ… ድንች ሊጭን ባዶውን የሚወጣ አሮጌ አይሱዙ ከኋላ መጥቶ ጡሩምባውን አንዴ ነፋና አልፎኝ ሄደ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «አይዞህ፣ ጩኽ ብቻ!» አለኝ። ውርደት!

ዶርዜ ስንቃረብ ጉም መጣ፤ ካፊያም ጀመረ። ደጋ ነው፣ ብርዱ ይቆርጣል። እህቴ ልጁን በነጠላ ጠቀለለችና «መስኮቱን ዝጉልኝ» አለች። አራቱም መስኮት ተዘጋ።

ሩብ ሰዓት የሚሆን ሄድን። መጀመሪያ እህቴ «ራሴን ፈለጠኝ» አለች። «ጠመዝማዛው ነው» አልኳት። ቀጥሎ ልጁ አስታወከ። «ሆዱ ነው፤ ማንጎ በልቶ ነው» ተባለ። የእኔም ግንባር በመዶሻ እንደሚመታ ሰው ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እናቴ ዝም ብላለች። «ተኛች፣ ጥሩ ነው፣ ትረፍ» አልን።

አንድ ጥምዝ ላይ መሪውን የማዞሪያው ሰዓት አለፈኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ እንጂ መንገዱን አይቼዋለሁ። የእህቴ ባል መሪውን ባይጎትተው ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። ፍሬን ያዝኩ። ቆምን።

«እማዬ!» አለች እህቴ። መልስ የለም። «እማዬ! እማዬ!» ትከሻዋን ስትነቀንቃት ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘመም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። በሮቹ ተበረገዱ። መንገድ ዳር ለአላፊ አግዳሚ የሚጨፍሩት የዶርዜ ልጆች ጭፈራቸውን ትተው ሮጡ። ያ አይሱዙ ከላይ ጥምዙ ላይ ቆሞ ኖሮ፣ የሰደበኝ ረዳት ወርዶ መጣና እናቴን በሁለት እጁ አቅፎ ሣሩ ላይ አጋደማት። ብርዱ ፊቷን ሲመታው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ዓይኗን ገለጠች። የት እንዳለች አላወቀችም። የማን ልጅ እንደሆንኩም አላወቀችም። አያችሁ፣ እናት ልጇን ሳታውቀው ስትቀር ማየት ምን እንደሚመስል ለማንም አልመኝም።

«ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?»

በአይሱዙው ጨንቻ ሐኪም ቤት ደረስን። ነርሷ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችንና የመጀመሪያ ጥያቄዋ፦

«ቤት ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ ነበር እንዴ?» የሚል ነበር።

«ኧረ መኪና ውስጥ ነበርን!»

«እንግዲያውስ» አለች ለእናቴ ኦክስጅን እየሰካች፣ «መኪናችሁ ከሰል ሆናለች።»

ነገሩ ይኸው ነው ወገኖቼ። በብርድ ጊዜ ክፍል ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነሡ ሲቀሩ እንሰማለን። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ከቤንዚን ሞተርም ይወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ዕቃ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል አንቆ ይይዛል። ስለዚህ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱም ተንኮለኛ ነው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ግራ መጋባት። ይህን ሁሉ ደግሞ «መንገድ ነው ያደከመኝ» እያልን እናልፈዋለን። ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይበልጥ ይጎዳል።

ብርብር ላይ ለአንድ ወር ያልነካን ለምን እንደሆነ ገባችሁ? ሙቀቱ መስኮት አያስዘጋማ! የቆላው ሐሩር ሲጠብቀን ኖሮ ደጋ ወጥተን ስንዘጋው ያዘን።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ተርፈናል። እናቴ ሙሉ ለሙሉ እስክትመለስ ግን ቀናት ወሰደባት። መስቀልን ሐኪም ቤት አከበርነው። የተገናኘው ዘመድ ሁሉ ለእንኳን አደረሳችሁ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ይማርሽ መጣ።

ከመኪና ሥር የተሰጠ ትምህርት

መኪናዋን ቀስ ብለው፣ መስኮቷን ከፍተው፣ አርባ ምንጭ አወረዱልኝ። ሲቀላ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ አሉ። አንድም ቃል ሳይናገሩ በክሪክ አነሷት፣ ደገፏትና ተንጋለው ገቡ።

«ና፣ እዚህ ተኛ» አሉኝ።

አጠገባቸው ተኛሁ። በባትሪ አበሩልኝ። ኤቹ መሐል ላይ፣ ብየዳው ዳር፣ እንደ ኩል የጠቆረ መስመር አለ።

«ይሄ ጥላሸት ነው። ጭስ በቀዳዳ ሲወጣ ፊርማውን ትቶ ይሄዳል። ከበላዩ ምን አለ?»

«ወለሉ…»

«ከወለሉ በላይስ?»

አልመለስኩም። የእናቴ ወንበር ነው። ወለሉ ላይ ደግሞ ዝገት የበላው፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ፤ ለዚህ ነው ታሪኩን የጀመርኩት።

«ቧንቧ ለውኃ ነው ልጄ» አሉኝ። «ውኃ አይግልም፣ አይወዛወዝም። ሞተር ግን ሲነሣም ሲጠፋም ይናጣል። ዋናው ቱቦ ላይ የሚተጣጠፍ ቁራጭ የነበረው ለዚያ ነው። እናንተ ቀጥ አድርጋችሁ ስትበይዱት ንቅናቄው ሁሉ ብየዳው ላይ አረፈ፤ ተሰነጠቀ።» ያ የሚያብረቀርቀው ነጭ ሽፋንም ዚንክ ኖሯል። ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ለአንድ ሌሊት ያንቀጠቅጠዋል፤ በማግስቱም ይለቀዋል። ያቺ «ወባ» ትዝ አለቻችሁ?

«ጋሼ፣ ሰፊው ቱቦ ግን ጉልበት ይጨምራል ብለው…»

«የሙዝ ማሳ አላችሁ አይደል? ቦዩን ብታሰፋው ውኃው ምን ይሆናል?»

«ይተኛል።»

«ጭስም እንደዚያው ነው። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋበት ይሰንፋል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የነበረውን ጉልበት ያጣል። ዳገት ላይ የሚያስፈልግህ ደግሞ እሱ ነው።» በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሽቅብ በወጣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ጨንቻ ላይ ሩብ ያህሉ ጉልበት የለም ማለት ነው። ይህን ማንም ቱቦ አይመልሰውም።

በሽቦ ያንጠለጠልናትን ዕቃ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ የሞተሩ አፍንጫ ናት። ጭሱን እያሸተተች ለኮምፒውተሩ ‹ቤንዚን ቀንስ፣ ጨምር› ትላለች። አንተ አፍንጫዋን ከጭሱ አውጥተህ ነፋስ ላይ ሰቀልካት። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በግምት ሲያፈስ ኖሯል።» ቤንዚን በበዛ ቁጥር ደግሞ ያ መርዝ ይበዛል። እኔ የነዳጅ ወጪዬ ሲንር የማደያውን ሰልፍ ነበር የምረግመው!

በመጨረሻም ስለ ኤቹ ጠየቅኳቸው። እንደ ሰማኝ አንጀቴ የተቃጠለው ይሄኔ ነው።

«ኤቹ ውሸት አይደለም» አሉ። «ለትልልቆቹ ቪ8 ሞተሮች ይጠቅማል። የአብዛኛው ቪ8 አንዱ ጎን ተራ አይጠብቅም፤ አንዳንዴ እዚያው ጎን ላይ ሁለት ሲሊንደር ተከታትሎ ይተፋል። ስለዚህ አንዱ ቱቦ ይጨናነቃል፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። መሐል ላይ ካገናኘሃቸው ይተጋገዛሉ። ያንተ ቪ6 ግን አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ነው። የዶርዜን ዘፈን ሰምተሃል? አንዱ ሲያነሣ አንዱ ይቀበላል፣ ማንም ማንን አይጋፋም። እንደዚያ ነው። ያልተጣላን ምን ታስታርቃለህ?»

ያልተጣላን ምን ታስታርቃለህ! ለድምፅ ብዬ ካልሆነ በቀር ያ ሁሉ ብየዳ ለመኪናዬ የረባ ጥቅም አልነበረውም ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

«አትንኩት፣ አትቀይሩት» አልልም። ወጣት ነን፣ መኪናችንን እንወዳለን። ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌዎቹን ይበልጥ እየጠጋገንን መኖራችን አይቀርም። ስለዚህ በእናቴ እስትንፋስ የተማርኩትን በነፃ ልስጣችሁ።

በመጀመሪያ ሞተራችሁን እወቁ። አራት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የሆነ መኪና ይዛችሁ አገናኝ ቱቦ አትፈልጉ፤ የሚገናኝ ሁለት ጎን የለውም። ቪ6 ከሆነ ዋናውን ዕቃ አስመጡ፤ ያገለገለም ቢሆን ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ ጓርኒሲዮኑንና ቡሎኑን ግን አዲስ አድርጉ። እውነተኛ ቪ8 ኖሯችሁ ኤች ወይም ኤክስ ካሰኛችሁ ለጭስ ማውጫ በተሠራ ቱቦ፣ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ ይሠራ። ቦታውም በግምት አይደለም። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ቱቦውን ቀለም ቀብተው ሞተሩን ያስነሡና ቀለሙ ተቃጥሎ የሚያቆምበትን ቦታ አይተው እዚያ ላይ ያገናኛሉ።

ሁለተኛ፣ የጭሱ መጨረሻ ከመኪናው አካል ውጭ ይሁን። ወለል ሥር አይቁም። ወለላችሁ ቀዳዳ ካለው ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ድፈኑ።

ሦስተኛ፣ ፈትሹ። ጠዋት ሞተሩ ሳይግል፣ መኪናዋ ደጅ ላይ ሆና፣ አንድ ሰው ያስነሣት፤ ሌላው በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የጭስ መውጫውን አፍ ለአፍታ ያፍነው። የሚያፈስ ቦታ ካለ «ሽሽሽ» ብሎ ራሱን ያጋልጣል። ጥቁር የጥላሸት መስመርም ፈልጉ።

አራተኛ፣ መኪና ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ ራሱን ካመመው ጠመዝማዛውን አትውቀሱ። ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ በር ክፈቱ፣ ሁሉም ይውጣ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም። የተኛውን ሰው «ይረፍ» አትበሉ፤ ቀስቅሱት።

የእኔዋ ዛሬ ዋናው አገናኝ ቱቦ ተገጥሞላታል፤ ሶማሌ ተራ ነው የተገኘው። ማርሚታዋም ተመልሷል፣ አፍንጫዋም በቦታዋ ናት። ለሁለቱ አፎች ያወጣሁት ገንዘብ ለዚህ ይተርፍ ነበር። የጨንቻን ዳገትም ዝም ብላ፣ ያለ ፉከራ ትወጣዋለች። እናቴ አሁንም አብራኝ ትሄዳለች። ብርዱ ቢቆርጣትም ግን ገና ስትገባ መስኮቱን ዝቅ ታደርጋለች። ምንም አልላትም። ምን እላታለሁ?

ባለፈው ማታ ስገባ ጎረቤቴ ሽማግሌ አጥራቸው ላይ ተደግፈው ነበር። ቀና ብለው መኪናዋን አዩ፣ አዳመጡ።

«ተሻላት?» አሉኝ።

«ተሻላት አባባ።»

«ተመስገን» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። በዚያን ማታ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሳምንት ሰው ይበለን!